እባብን ከግቢያችን ስለ ማራቅ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው በዛሬው ጉባዔ ላይ ስለ እባብ ጥቂት እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ «እድር ለቀብር ነው፤ ከእባብ ጋር ምን አገናኘው?» ያሉኝ ሰዎች አሉ። እንዴት እንደ ተገናኘ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባለፈው ክረምት ከወንዙ ወዲህ ባሉት ቤቶች እባብ ሁለት ሦስት ጊዜ ታይቷል። በነሐሴም ለለቅሶ የእድሩ ዕቃ ቤት ሲከፈት ከድንኳኑ እጥፋት ውስጥ እባብ ወጥቶ ልጆቹ ድንኳኑን ጥለው ሮጡ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ እስከ ረፋድ ድረስ በዝናብ ተቀመጠ። እንግዲህ እባቡ ራሱ ወደ እድሩ መጣ እንጂ እኛ አልጠራነውም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት አሳብ ቀርቧል። አንደኛው፣ እባብን በድግምት አስሬ ከሰፈሩ አስወጣለሁ ለሚል ሰው በየቤቱ 100 ብር እናዋጣ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዕቃ ቤታችንን፣ ግቢያችንንና የወንዙን ዳር ራሳችን እናጽዳ፤ ገንዘብ ማዋጣት ካስፈለገም ለሽቦና ለሲሚንቶ ይሁን የሚል ነው። ጉባዔው ዛሬ ድምፅ የሚሰጥበት ስለሆነ፣ እኔ የሁለተኛው ወገን መሆኔን ከወዲሁ ልናገርና ምክንያቴን ላስረዳ።

እባብ ወደ ሰው ግቢ የሚመጣው ሰውን ፈልጎ አይደለም። ሰው ለእባብ ምግብ አይሆነውም፤ እንዲያውም የእግራችን ኮቴ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው ሰውነቱ ስለሚሰማው ቀድሞ የሚሸሸው እሱ ነው። የሚመጣው የሚበላውን፣ የሚደበቅበትንና የሚሞቅበትን ፈልጎ ነው። አባቶቻችን «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ሲሉ ተንኮለኛ ከተንኮለኛ ጋር መተዋወቁን መናገራቸው ነው፤ ነገር ግን ልብ ብሎ ለሰማው ሰው የእባብን አድራሻም ነግረውናል። አድራሻው ካብ ነው! በእኛ ሰፈር ደግሞ ካብ የሌለው ግቢ የትኛው ነው? ከእንጦጦ ግርጌ ቁልቁለት ላይ ስለምንኖር አፈሩ እንዳይናድ ሁላችንም ድንጋይ ክበናል።

ስለ ሙቀቱም አንድ ነገር ልጨምር። የእባብ ሰውነት እንደ እኛ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ከፀሐይና ከመሬት ይቀበላል። ጉለሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም አገር ነው። ስለዚህ እዚህ ያለ እባብ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚመታውን ድንጋይና ቆርቆሮ ይወዳል። የፍግና የጥራጊ ክምር ደግሞ ሲበሰብስ ከውስጡ ይሞቃል፤ እጅ ከትቶ ያየ ያውቀዋል። እንቁላል የሚጥሉ እባቦች እንዲህ ያለውን ሙቅ ቦታ መርጠው እንቁላላቸውን ይቀብሩበታል። በብርዱ ምክንያት ግን አንድ ጥቅም አግኝተናል። እንደ ቆላው አገር ብዙና ብርቱ መርዝ ያለው እባብ በእኛ ዘንድ አይበዛም። በደጋ ከሚታዩት ብዙዎቹ ትናንሾች ናቸው። አይጥ የሚበሉ አሉ፤ ቀንድ አውጣ ብቻ እየለቀሙ የሚኖሩም አሉ። ይሁን እንጂ ከመካከላችን አይቶ የሚለይ ባለሙያ ስለሌለ፣ ከቆላ በሚመጣ የከሰል ማዳበሪያ፣ በአሸዋና በድንጋይ ጭነት ውስጥም ተደብቆ የሚመጣ ሊኖር ስለሚችል፣ ያየነውን ሁሉ መርዝ እንዳለው ቆጥረን መራቅ ይገባናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥሪ ግን አይጥ ነው። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ አይጥ ምን እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚህ አለ አልልም። ፋይል የምትቀደው ወረቀት ርቧት አይደለም፤ ጎጆ ልትሠራበት ነው። የምትበላውን ከሌላ ቦታ ታመጣለች። ሦስት ሳምንት አርግዛ በአንድ ጊዜ ስድስትም ስምንትም ትጥላለች። ትንሿ ዐይጥ የትንሽ ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ታልፋለች። እባብም በዚያችው ቀዳዳ ተከትሏት ይገባል። አይጥ ያለበት ቤት በር ለእባብ ክፍት ነው፤ አይጥ የሌለበት ቤት ግን ለእባብ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው፤ ቢመጣም አይቶ ያልፋል።

ታዲያ የእኛ ዕቃ ቤት ምን ይመስላል? ኮሚቴው እንዳይቀየመኝ እንጂ እውነቱን መናገር አለብኝ። በነሐሴ ከእባቡ መውጣት በኋላ ሦስት ሆነን ገብተን አይተናል። ከለቅሶ የተረፈ ንፍሮ በማዳበሪያ ታስሮ ከአግዳሚ ወንበሮቹ ሥር ተቀምጧል። ሁለት ትልልቅ ድስቶች ቅባታቸው ሳይለቅ ተደፍተዋል። ድንኳኑ እርጥብ እንደነበረ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ በእጥፋቱም ውስጥ የአይጥ ጎጆ አለ። ገንዘብ ያዣችን ዛሬ ጠዋት ባነበቡት ሪፖርት ላይ «ለድንኳን ማስጠገኛ» የሚል ወጪ ሰምታችኋል። ያ ገንዘብ ለአይጥ የተከፈለ ነው ብል አልተሳሳትኩም። እባቡ እንግዲህ እዚያ ድንኳን ውስጥ የተገኘው ሊያስደነግጠን ሳይሆን ምሳውን ሊበላ ገብቶ ነው።

በየቤታችን ያለው ደግሞ ከዚህ አይሻልም። ብቅል መሬት ላይ ይሰጣል፤ አተላ ከማድቤት ጀርባ ይደፋል፤ እህሉ አፉ በላላ ማዳበሪያ ይቀመጣል፤ ለዶሮ የተበተነው ማታ ሳይጠረግ ያድራል። እህል ክዳኑ በሚገጥም በርሜል ወይም በፕላስቲክ ባልዲ ይሁን። አተላ የሚደፋበት ጉድጓድ ይኑረውና አፈር ይልበስ። የዶሮ ቤት ከመሬት ከፍ ይበል፤ እንቁላሉም ሳያድር ይሰብሰብ፤ ምክንያቱም እንቁላሉን የሚበላ እባብ አለ፣ ጫጩቱን የሚበላም አለ። የአይጥ መርዝ እናድርግ የምትሉ አላችሁ፤ እኔ ሕፃናትና ድመት ባሉበት ግቢ አልመክረውም። የተመረዘችውን አይጥ ድመቷ በልታ ብትሞት የቀሩት አይጦች ጌታ ሆኑ ማለት ነው።

እንጨታችንን ሁላችንም መሬት ላይ እንከምራለን። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በግድግዳ ጥግ ታጭቆ ዓመት ይቆያል። ይህ ለእባብ ከካብም የተሻለ ቤት ነው። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ቢደረደር፣ ከቤቱ ግድግዳም ራቅ ቢል፣ ከሥሩ ንፋስና ብርሃን ስለሚያልፍ አይደበቅበትም። የተሰበረ ብሎኬት፣ ያረጀ ቆርቆሮ፣ ከቤት ሥራ የተረፈ ድንጋይ «አንድ ቀን ይጠቅማል» እየተባለ ዐሥር ዓመት ይቀመጣል። ያ አንድ ቀን መች ነው? ካቡን ማፍረስ አይቻልም፤ ግን ቀዳዳውን በሲሚንቶ ወይም በጠጠርና በጭቃ መርጎ መድፈን ይቻላል፤ ከታች ለውኃ መውጫ የተተወውን ቀዳዳ ደግሞ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ዐይን ባለው ወንፊት ሽቦ መሸፈን ነው። የላሜራ በራችንንም ሥሩን ተመልከቱት፤ ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። አንድ ጎማ ወይም ጣውላ ቢቸነከርበት ይበቃዋል። ሣሩ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ጉልበት ሳይደርስ ይታጨድ።

በሽመና ለሚተዳደሩት አባሎቻችን ለብቻ የምለው አለኝ። የሸማኔ ጉድጓድ ሙቅና ጨለማ ነው፤ ሌሊት የገባ ነገር ጠዋት እዚያው ይገኛል። እግራችሁን ከማውረዳችሁ በፊት በባትሪ ወይም በእጅ ስልካችሁ መብራት እዩ፤ በዱላም ግድግዳውን መታ መታ አድርጉ። ማታ ሥራ ስታቆሙ በጣውላ ብትከድኑት ደግሞ የተሻለ ነው። የሸክላ ሥራ የሚሠሩ እናቶቻችንም ለማቃጠያ የሚያከማቹትን ኩበትና ጭራሮ በባዶ እጅ ባያነሡ፣ በመንሽ ገለጥ አድርገው ቢያዩ መልካም ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ትምባሆ፣ የበርበሬ ጭስ፣ ነጭ ጋዝ፣ ናፍታሊን፣ ድኝ፤ በየቤቱ የማይደረግ የለም። ከእነዚህ ናፍታሊንና ድኝ በሌላ አገር በምርመራ ተፈትነው እባቡ ዝም ብሎ አልፎባቸዋል። ሽንኩርቱና ፌጦውስ ጉዳት የለውም፤ ወጥ ውስጥ ቢገባ ይሻል ነበር እንጂ። ነጭ ጋዝና ናፍታሊን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ናፍታሊን ለሕፃን ዐይን ከረሜላ ይመስላል፤ ከዋጠው ደሙን ይጎዳዋል። በውኃ ጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ጠጥቶ ሳንባው የተቃጠለ ልጅ በሰፈራችን ታውቃላችሁ። የማያስፈራውን እባብ ለማባረር ብለን የሚያስፈራውን መርዝ በልጆች መጫወቻ ላይ መበተን ምን ይባላል? ጎማ ማቃጠሉም ያው ነው፤ እባቡ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የምንስለው እኛ ነን።

እባብ አሳሪው ሰውዬ «ስንቱን የነደፈውን አድኛለሁ» ይላል። ውሸታም ነው አልልም። ነገሩን በቁጥር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ሰው በእባብ ይነደፋል። ከነዚህ ውስጥ በእርግጥ መርዝ የሚገባባቸው ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን የሚሆኑት ናቸው። ልብ በሉ! ከተነደፉት ግማሹ ወይም ከግማሽ የሚበልጡት መርዝ አልገባባቸውም፤ ወይ እባቡ መርዝ የለውም፣ ወይም ነክሶ መርዙን አልለቀቀም። እንግዲህ እኔም ብሆን ነገ ጠዋት ተነሥቼ የተነደፈ ሰው ሁሉ ላይ እንትፍ እያልኩ ብሰድድ ከሁለቱ አንዱ ድኖ «አዳነኝ» ይለኛል። የሞተው ደግሞ መጥቶ አይመሰክርም። በዚሁ ግምት ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆን ሰው በየዓመቱ ይሞታል፤ እጅ እግሩን የሚያጣውና አካለ ጎደሎ የሚሆነው ደግሞ የዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ድርጅቱ በ2009 ዓ.ም. የእባብ ንድፍን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ለዚህ ነው። የሚነደፈው ገበሬ፣ እረኛና በባዶ እግሩ የሚሄድ ድኻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው አልነበረም።

ከዚህ ሰፈር ወደ ቆላ ለሥራ የሚሄዱ ልጆች ስላሉን ስለ ንድፉ ራሱ ትንሽ ልቆይበት። በወጣትነቴ በአዋሽ ሸለቆ በአንድ እርሻ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ማታ ከመጸዳጃ ሲመለስ ቁርጭምጭሚቱን ተነደፈ። ጓደኞቹ መርዙ ወደ ልብ እንዳይወጣ ብለው ከጉልበቱ በላይ በሲባጎ ጥፍር አድርገው አሰሩት። መኪና የተገኘው በማግሥቱ ነበር፤ ሲባጎው ሳይፈታ እኩለ ቀን ሆነ። ሐኪሙ እግሩን ከቆረጠው በኋላ ለእኛ የነገረን ቃል ዛሬም በጆሮዬ አለ፤ «እግሩን የወሰደው ከእባቡ ይልቅ ገመዱ ነው» አለን። ሰውዬው ያን ጊዜ 26 ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ አደራ! አታስሩ፤ በምላጭ አትብጡ፤ በአፍ አትምጠጡ፤ ጥቁር ድንጋይ አትለጥፉ፤ አረቄም አታጠጡ። የተነደፈውን ሰው ከእባቡ አርቁትና አስተኙት፤ አይሩጥ፣ አይራመድም። እጁ ይበጣልና ቀለበቱን፣ አምባሩን፣ ክሩን ቶሎ አውልቁ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ልክ እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፋችሁ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ቢያስታውክ በግራ ጎኑ ይተኛ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ ቁጥር 907 ነው፤ ካልመጣም በቃሬዛ፣ በታክሲ፣ በተገኘው ሁሉ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ማርከሻው መድኃኒት በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ስላልሆነ ከትንሽ ጣቢያ ወደ ትንሽ ጣቢያ ስታዞሩ ሰዓቱን አታባክኑት። እባቡን ገድላችሁ ይዛችሁ ለመሄድም አትድከሙ፤ ብዙ ሰው የሚነደፈው ሊገድል ሲል ነው። የተቆረጠ የእባብ ራስ እንኳ መንከስ ይችላል። ከሩቅ በስልክ ፎቶ ማንሣት ከተቻለ ለሐኪሙ ይበቃዋል።

ይህ ማርከሻ ምን እንደሆነ ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ ነገሩ ከእኛው ሰፈር ስም ጋር ይገናኛል። «ፓስተር» እያልን የምንወርድበት ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ማለት ነው። የሉዊ ፓስተር ተከታይ የነበረ አልበርት ካልሜት የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1890ዎቹ የእባብን መርዝ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ለእንስሳ እየወጋ፣ እንስሳው መርዙን ሲለማመድ ከደሙ ማርከሻ አወጣ። ዛሬም መድኃኒቱ በፈረስና በመሰል እንስሳ ደም የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው። ይኸው ካልሜት ከጓደኛው ጋር ሆኖ የሳንባ ነቀርሳን ክትባት ሠራ። ልጆቻችን ሲወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት ቢ.ሲ.ጂ. ነው፤ «ሲ»ዋ የካልሜት ስም ናት። እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ያለ ብዙ ሰው የዚህን ሰው ምልክት በክንዱ ላይ ይዞ ይዞራል። ድግምት አይደለም፤ ሥራ ነው።

እባብ ግቢያችሁ ውስጥ ብታዩስ? ልጆችንና ውሻውን ወደ ቤት አስገቡ፤ ቆም ብላችሁ ከሩቅ የሚሄድበትን እዩ፤ መውጫ በር ክፈቱለት። ከተተወ አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ከገባ የውስጡን በር ዝጉና ሥሩን በጨርቅ ወትፋችሁ የውጭውን ክፈቱለት። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ ከዚያ ወዲያ ገመድ ሁሉ እባብ ይመስላችኋል፤ እሱም ጥቂት ቀን ቆይቶ ያልፋል። ላም ጠባ፣ እናት ጡት ጠባ የሚለውንም ወሬ ተዉት፤ የእባብ አፍ ለመጥባት አልተሠራም።

አሁን ወደ ጉዳዩ መጨረሻ ልምጣ። አንድ ሰው ግቢውን ቢያጸዳ፣ ጎረቤቱ ባያጸዳ፣ አይጧ አጥር ታውቃለች እንዴ? የወንዙ ዳር ደግሞ የማንም አይደለም ስለሚባል የሁላችን ቆሻሻ እዚያ ይጣላል፤ ክረምት ሲሞላ ውኃው አይጡንም እባቡንም ከጉድጓዱ አስወጥቶ ወደ መጀመሪያዎቹ ቤቶች ይገፋል። በወንዙ ዳር የሚኖሩት አባሎቻችን በእድሩ መዋጮ ከሌላው እኩል ይከፍላሉ፤ የሁላችንን ቆሻሻና የሁላችንን እባብ ግን ብቻቸውን ተሸክመዋል። ላይኛው ሰፈር ያለነው ይህን ማሰብ ይኖርብናል። በድግምት የምናዋጣው 100 ብር ወንዙ ዳር ካለው ጥራጊ አንድ አካፋ አያነሣም። ያንኑ ገንዘብ ግን ለወንፊት ሽቦ፣ ለሲሚንቶ፣ ክዳን ላላቸው በርሜሎችና ቆሻሻውን ለሚያነሣ መኪና ኪራይ ብናደርገው የዕቃ ቤቱ ሥራ ያልቃል፤ ለወንዙም ዳር ጅማሬ ይሆናል።

ስለዚህ ለጉባዔው የማቀርበው ይህ ነው። ጉባዔው ከተስማማ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ዕቃ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ድንኳኑ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ድስቱ ይታጠብ፤ ወለሉ በሲሚንቶ ይደፈን፤ ለድንኳኑም የእንጨት ቆጥ ይሠራለት። በተከታዩ ቅዳሜ ወደ ወንዙ ዳር እንውረድ። ከእንግዲህም ከለቅሶ የተረፈ ንፍሮ ዕቃ ቤት እንዳይገባ፣ ዕቃ የሚረከበውም ሰው ድስቱን ገልብጦ አይቶ እንዲፈርም ደንባችን ላይ ይጻፍ። ጥሩምባ ነፊያችን ዓርብ ማታ ያሳስቡናል። አካፋና መንሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቦት ጫማ ያለው ያድርግ፤ የድንጋዩን ክምር የምናነሣው በዱላ እየነካካን ነውና በባዶ እጅ ማንም እንዳይጀምር። ልጆች በዚያን ቀን አይምጡ። ሻይና ዳቦውን የሴቶች ክፍል ያዘጋጃል ተብሏል።

 ሊቀ መንበሩ ድምፅ ማስሰጠት ይችላሉ።